የጀግና ሜዳይ በማን ቃል ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን በጎጃም በረሃ የታገሉ አርበኛ ነበሩ። ሲያርፉ ለእናቴ አንድ ሜዳይ ትተውላት ነበር፤ እናቴም ባለፈው ዓመት ለእኔ አስረከበችኝ። ይህ ሜዳይ በአገሪቱ ከሚሰጡት የጀግና ሽልማቶች ሁሉ የበላይ እንደሆነ በቤታችን ሲነገር ሰምቼ ነው ያደግሁት። እውነት ነው? ደግሞስ ከፍተኛው የጦር ሜዳ ሽልማት ለአንዱ ተሰጥቶ ከጎኑ ለተዋጋው የሚቀረው በምን መለኪያ ነው?
(የአርበኛ የልጅ ልጅ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤው ጋር ሜዳዩን ራሱን ይዘው ስለመጡ ከልብ አመሰግናለሁ። በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ሪባኑ ነበር። ቀለሙ ወይቧል፣ ጠርዙም ተተልትሏል፤ በላዩ ላይ ግን ሦስት ትናንሽ የዘንባባ ቅጠሎች አሁንም ተሰክተውበታል። ከሦስተኛው ዘንባባ ሥር ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየሁ። አራተኛ ዘንባባ የነበረበትና የወደቀበት ቦታ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ እናትዎ ሳጥኑን አንድ ጊዜ ደግመው ቢፈትሹት መልካም ነው።

በእጅዎ ያለው የአርበኞች ሜዳይ ነው። ከነፃነት በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለአርበኞች የተሰጠ ሲሆን፣ በሪባኑ ላይ የሚሰካው ዘንባባ ባለሜዳዩ በአርበኝነት የቆየበትን ዓመት ይቆጥራል። ስለዚህ ሜዳዩ የሚናገረው አያትዎ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በነበረው ዘመን ውስጥ ስንት ክረምት በዱር እንዳሳለፉ እንጂ በአንድ ቀን ውጊያ የፈጸሙትን ጀብዱ አይደለም። በወታደራዊ ሽልማት ሥርዓት ሁለቱ ይለያያሉ፤ አንደኛው ለአገልግሎት፣ ሌላው ለተለየ የጀግንነት ተግባር የሚሰጥ ነው። እኛ በዕለት ንግግራችን ሁሉንም «ኒሻን» እያልን ስለምንጠራው ልዩነቱ በየቤቱ ይጠፋል። በቤተሰብዎ የተነገረው በደረጃው ረገድ ትክክል ባይሆንም፣ እኔ ግን ሦስት ክረምት ያለ ደመወዝና ያለ ስንቅ በጫካ መኖርን ከአንድ ሰዓት ጀብዱ አሳንሼ አላየውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስገባ፣ መለኪያው ከአገር አገር እንደሚለያይ አስቀድሜ ልናገር። በየትም ቢሆን የማይቀረው ግን ምስክር ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሜዳል ኦፍ ኦነር የተባለውን የመጨረሻ ከፍተኛ ሜዳዩን ለመስጠት፣ ወታደሩ ግዴታው ከሚጠይቀው በላይ ነፍሱን ለአደጋ እንዳጋለጠ የማያጠራጥር ማስረጃ ይፈልጋል፤ በዓይናቸው ያዩ የሁለት ሰዎች ቃልም በጽሑፍ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ጀግንነቱ የተፈጸመው ሁሉም በሞተበት ምሽግ ውስጥ ከሆነ ግን የሚናገርለት አይገኝም።

ይህንን በራሳችን ምድር በሆነው ላሳይዎ። እንግሊዞች ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ የጀግና መስቀላቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ከዚያ 12 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በተደፈረችበት ዕለት፣ ሁለት የ33ኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች ይህንን መስቀል አገኙ። አንደኛው ጄምስ በርጊን የተባለ ተራ ወታደር ነው፤ ሌላው ማይክል ማግነር የተባለ ከበሮ መቺ ነው። በሩ ላይ ሰልፉ ተገትቶ ሳለ ገደሉን ቧጠው፣ ቅጥሩንና የእሾሁን አጥር ጥሰው ከሁሉ ቀድመው የገቡት እነሱ እንደነበሩ በሽልማቱ ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል። ሌላው ቀርቶ በርጊን እጅግ ረጅም ሰው እንደነበር ሳይቀር ተጽፏል። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ከ150 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የአንድ የባዕድ ተራ ወታደር ቁመት ሳይቀር እናውቃለን፤ በዚያው ዕለት ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር እስከ መጨረሻው የቆሙትን የወገን ወታደሮች ግን አብዛኞቹን በስም እንኳ አናውቃቸውም። ከሦስት ቀን በፊት እሮጌ ላይ የወደቁት ፊታውራሪ ገብርዬ ስማቸው የቀረው በአልቃሽና በአዝማሪ አፍ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ይበልጥ ይቀርባል። ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. መተማ ከተያዘች በኋላ፣ የሚያፈገፍገው የኢጣሊያ ጦር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ፈንጂ እየቀበረ ይሄድ ነበር። ያንን መንገድ የማጽዳት ሥራ የደረሰው ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ለተባለ ወጣት የሕንድ መሐንዲስ መኮንን ነው። በ4 ቀን ውስጥ፣ ከንጋት እስከ ምሽት እየሠራ፣ በ88 ኪሎ ሜትር ርዝመት 15 የፈንጂ ቦታዎችን አጸዳ። ተሽከርካሪው ሁለት ጊዜ ፈንጂ ላይ ወጥቶ ተሰባብሯል፤ አንደኛው የጆሮው ታምቡር ተበስቷል፤ ይተኩህ ቢባልም እምቢ አለ። እሱም ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ። እዚህ ላይ እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ቁጥሮቹን ነው። 15 ቦታ፣ 88 ኪሎ ሜትር፣ 4 ቀን ብሎ የቆጠረ፣ ቆጥሮም ወደ በላይ አካል የላከ ሰው ከኋላው ነበረ።

ይህ ሲባል አባቶቻችን ምስክርነትን አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። ፉከራ ዛሬ በሠርግና በመድረክ የምናየው ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ከጦርነት የተመለሰው ጎበዝ በአለቃው ፊት ዘራፍ ብሎ ሲፎክር የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ በአደባባይ ይናገር ነበር፤ አብረውት የዋሉት ደግሞ ዙሪያውን ቆመው ይሰሙታል። ለምዱ፣ ጎፈሩ፣ በብር ያጌጠው ጋሻ የሚሰጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ጉድለቱ ቃሉ በወረቀት አለመስፈሩ ላይ ነው፤ ሰሚዎቹ ሲያልፉ ምስክርነቱም አብሮ ያልፋል።

አንዱ አግኝቶ ሌላው የሚቀርበት ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንድ ጊዜ ጀግንነቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የጦሩ ሁሉ ይሆናል። የቪክቶሪያ ክሮስ ደንብ ለዚህ ብልሃት አበጅቶለታል፤ ጦሩ በሙሉ እኩል ጀግና ሆኖ ከተገኘ ወታደሮቹ ራሳቸው ከመካከላቸው ተሸላሚውን በድምፅ ይመርጣሉ። በሌላው መንገድ ደግሞ ሽልማቱ ለክፍሉ በጠቅላላ ይሰጣል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው፣ ስሙንም ከራስ መኮንን የጦር ፈረስ የወሰደው የቃኘው ሻለቃ፣ አንድም ሰው ሳይማረክበት የተመለሰ ጦር ሲሆን፣ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት የተሰጠው የምስጋና ሽልማት ለሻለቃው እንደ አንድ አካል የተሰጠ ነው። ስለዚህ ሜዳይ ያላገኘ ሁሉ አልተዋጋም ብሎ መደምደም ትልቅ በደል ነው፤ የአያትዎ ጓደኞችም ከዚህ አይወጡም።

ጥያቄ፦ እኔ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነኝ፤ ዛሬ ዘጌ ቡናዬን እየለቀምኩ እኖራለሁ። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ሥር በነበርንበት ጊዜ አንድ ጓደኛዬ እኛ ቁስለኞቹን ይዘን እስክንወጣ ድረስ መትረየሱን ይዞ ለብቻው ቀረ፤ እዚያው ወደቀ። የመቶ አለቃችን በማግሥቱ ስለተሰዋ ነገሩን የጻፈ ሰው አልነበረም። ልጁ የደንበጫ ሰው ነበር፤ እህቱ አሁንም በሕይወት እንዳለች ሰምቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ይህንን ማንሳት ጊዜው አላለፈበትም?

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጊዜው አላለፈበትም ብዬ የምመልስልዎ ለማጽናናት ሳይሆን ማስረጃ ስላለኝ ነው።

በአሜሪካ ሕግ የከፍተኛው ሜዳይ ጥያቄ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ገደቡን የማንሳት ሥልጣን አለው፤ ሲያነሳም ታይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸለሙት ከ400 በላይ ሰዎች መካከል አንድም ጥቁር ወታደር አልነበረም። ነገሩ እንደገና ከተመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ሰባት ጥቁር ወታደሮች ተሸለሙ። ሽልማቱን በሕይወት ቆሞ የተቀበለው ቨርነን ቤከር ብቻ ነበር፤ የስድስቱን የተቀበሉት ቤተሰቦቻቸውና ወኪሎቻቸው ናቸው። ከዚህ የባሰም አለ። ፓሪስ ዴቪስ የተባለው ጥቁር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1965 ቬትናም ውስጥ ቆስሎ ሳለ ጓደኞቹን ከእሳት መካከል አወጣ፤ አለቃው ወዲያው ለሜዳዩ አጩት፤ ሰነዱ ጠፋ። እንደገና ተላከ፤ እንደገና ጠፋ። የጦር ጓዶቹና ሌሎች ፈቃደኞች ወረቀቱን ከሥር ጀምረው አዘጋጁና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023፣ በ83 ዓመቱ፣ ሜዳዩ አንገቱ ላይ ተጠለቀለት። በመካከሉ 58 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

እርስዎ በዘመቱበት ጦርነት ከታወቁት ጀግኖች አንዱ የአየር ኃይሉ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ናቸው፤ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ቆይተው የተመለሱና የዘመኑን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ የተሸለሙ ሰው። የአውሮፕላን በረራ በየሰዓቱ በመዝገብ ይያዛል። ጉድጓድ ውስጥ ከመትረየስ ጋር የቀረ እግረኛ ግን መዝገቡ አብረውት የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ እርስዎ ነዎት።

ሜዳይ የመስጠት ሥልጣን የመንግሥት ነው፤ እኔ ይሰጠዋል ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም። የእርስዎን ቃል ግን ከእርስዎ በቀር የሚጽፈው የለም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ደብተር ይያዙ። የጓደኛዎን ሙሉ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የክፍሉን ስም፣ የመቶ አለቃውን ስም፣ ቦታውን ይጻፉ። ቀኑ ከጠፋብዎ በበዓል ያስታውሱት፤ ከጥምቀት በፊት ነበር ወይስ በኋላ፣ ጾም ገብቶ ነበር ወይስ አልገባም ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ያዩትን ከሰሙት ይለዩ፤ የሰሙትንም ከማን እንደሰሙት ይግለጹ። ያን ቀን ይዛችኋቸው ከወጣችሁት ቁስለኞች በሕይወት ያለ ካለ እሱም ለብቻው ይጻፍ፤ ቃላችሁ የሚጸናው እርስ በርስ ሳትሰማሙ ተመሳሳይ ሆኖ ሲገኝ ነው። እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚጽፍልዎ ወጣት ይፈልጉና ለእያንዳንዱ ገጽ ፊርማዎን ያኑሩ። አንዱን ቅጂ ለራስዎ ያስቀምጡ፤ አንዱን ለሚመለከተው የመከላከያ ክፍል ያቅርቡ።

ሦስተኛውን ቅጂ ይዘው ደንበጫ ይሂዱ። እህቱ ወንድሟ መሞቱን ታውቃለች፤ እንዴት እንደሞተ ግን የነገራት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።