ሰፈሩ ሲፈራ፦ ፍርሃት እንዴት ይለካል? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምኖረው። ልጄ ከማታ ትምህርት እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት። በስብሰባ ላይ «ስርቆት ቀንሷል» ተባልን፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ «ብሷል» ይላል። ማንን ልመን? (የልጆች እናት፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የፖሊስ መዝገብ የሚይዘው ሰው ሄዶ ያመለከተውን ብቻ ነው። ሞባይሉን የተነጠቀ ሰው «ብሄድስ ምን ላገኝ» ብሎ ከተወው መዝገብ ላይ አይገኝም። በአንጻሩ በቅርብ አዲስ ጣቢያ ሲከፈት ስርቆቱ ሳይጨምር መዝገቡ ይወፍራል። ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ የተጀመረው ይህን ክፍተት ለማየት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ 10,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ተጠየቁ፤ የብሪታንያው ጥናት በ1982 ተጀመረ።

የሰፈር ወሬ ደግሞ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። አንድ ንጥቂያ በቴሌግራም፣ በባጃጅ ውስጥና ቡና ላይ ሲነገር አምሽቶ ጠዋት ላይ ብዙ ንጥቂያ ይመስላል። ፍርሃቱ ግን የውሸት አይደለም።

በብዙ አገር እንደታየው ሴቶችና አረጋውያን የበለጠ ይፈራሉ፤ በአደባባይ ጥቃት ይበልጥ የሚጎዱት ግን ወጣት ወንዶች ናቸው። ከዚህ ተነስቶ «ሴቶች በከንቱ ይፈራሉ» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ልጅዎ ከኋላዋ ኮቴ ስትሰማ የምታስበው ስለ ቦርሳዋ ብቻ አይደለም፤ የመደፈር ስጋት በሌላው ሁሉ ላይ ያጠላል። ደግሞም ብዙ ሴቶች ከጉዳት የሚተርፉት ስለሚጠነቀቁ ነው። እርስዎ በር ላይ መቆምዎ ራሱ የጥንቃቄው አንድ ክፍል ነው፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ ግን አይጻፍም።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ «ወንጀልን ምን ያህል ይፈራሉ?» የሚል ባለ አምስት ምርጫ መጠይቅ አዘጋጅቼ ነበር። አማካሪዬ «እንደገና ሥራው» አሉኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? (ተማሪ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አማካሪህ ልክ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ለብዙ ሰው «ወንጀል» ማለት ፍርድ ቤት የደረሰ ከባድ ነገር ነው፤ ቀፊራ ገበያ ላይ ኪስ አውላቂ የገፈፈው ሰው «ወንጀል ደርሶብኝ አያውቅም» ሊልህ ይችላል። ስለዚህ ድርጊቱን በስሙ ጥራው፦ ሞባይል መነጠቅ፣ ቤት መሰበር፣ መደብደብ።

ቀጥሎ «መፍራት» እና «መስጋት» አንድ አይደሉም። ተመራማሪዎቹ ኬኔዝ ፌራሮና ራንዲ ላግሬንጅ እ.ኤ.አ. በ1987 አበክረው የጻፉት ይህንኑ ነው፦ የልብ ድንጋጤ ሌላ፣ «ይደርስብኛል» የሚል ግምት ሌላ፣ ስለ አገሩ ሁኔታ መቆርቆር ሌላ። በእኛ አገር ደግሞ «ይፈራሉ?» የተባለ ጎልማሳ «ወንድ ልጅ ምን ይፈራል» ብሎ ያልፍሃል፤ «ያሰጋዎታል?» ስትለው ግን ይነግርሃል። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቅ፤ መልሶቹንም አትደምር። መጠይቁን ወደ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ስታስተረጉም ልዩነቱ እንዳይጠፋ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው።

«በምሽት ለብቻዎ ሲሄዱ ደኅንነት ይሰማዎታል?» የሚለው የታወቀ ጥያቄ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት መለኪያ 16.1.4 የቆመው በእሱ ላይ ነው። ከሌሎች አገሮች ጋር ለማነጻጸር ይጠቅምሃል። ድሬዳዋ ላይ ግን ሙቀቱ የሚበርደው፣ ሰውም ወጣ ወጣ የሚለው ሲመሽ ነው። «ምሽት» ለአንዱ 1 ሰዓት፣ ለሌላው 5 ሰዓት ነው። «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ» ብለህ ቁረጠው። ጨለማ ላይ ብቻዋን ወጥታ የማታውቅ ሴት የምትመልሰው በግምት ስለሆነ፣ መውጣት አለመውጣቷን አስቀድመህ ጠይቅ።

ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ፋሮልና ዴቪድ ጋድ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳዩት መንገድ ይበልጥ ይጠቅምሃል፤ እነሱ የጠየቁት ስለ ሁነቱ ነው። ባለፉት 12 ወራት የፈሩበት ጊዜ ነበር? ስንት ጊዜ? በመጨረሻው ጊዜ ምን ያህል ፈሩ? እኛ የትና በስንት ሰዓት የሚለውን ጨምርበት እንላለን። እንዲህ ሲጠየቅ «በጣም እፈራለሁ» ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ የፈራው አንዴ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሰው 12 ወር በትክክል ስለማይቆጥር «ካለፈው መስቀል ወዲህ» በለው። ረመዳንን ምልክት አታድርግ፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ይመጣል።

ስለ ብዛቱ፦ በተለመደው ቀመር 5 በመቶ ስህተት ለመፍቀድ 384 ሰው ይበቃል። ቀመሩ ግን የሚሠራው ሰው ከመላው ከተማ በዕጣ አንድ በአንድ ሲመረጥ ነው። በሰፈር በሰፈር ከወሰድክ ጎረቤታሞች መልሳቸው ይመሳሰላል፤ ለዚህ በ1.5 ብታባዛው ወደ 580 ይደርሳል። ከየቤቱ በር የከፈተውን አትጠይቅ፤ ከአዋቂዎቹ አንዱን በዕጣ አውጣ። ቀን ቀን ብቻ ከዞርክ የምታገኘው የቤት እመቤትና አዛውንት ስለሚሆን የከተማው ፍርሃት ከልኩ በላይ ይታይሃል። የታጣውን ሰው እስከ 3 ጊዜ፣ አንዱን በምሽት፣ አንዱን በእሑድ ተመለስበት። ሴትን ሴት ትጠይቃት፣ ባል ወይም አማት በሌለበት። የቀበሌ ሠራተኛ ይዘህ አትዙር፤ የሚመለስልህ ለቀበሌው የሚባለው ነው።

አንድ አደራ አለን። የሰፈሮችን ስም ከፍርሃት ደረጃ ጋር አታትም። «አደገኛ» የተባለ ሰፈር ባጃጅ አይገባበትም፤ ሥራ ፈላጊው ልጅም አድራሻውን ለመናገር ያፍራል።

ጥያቄ፦ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው መንገዳችን የእድራችን አባላት አዋጥተን መብራት ልንተክል ነው። ፍርሃቱ መቀነሱን በምን እናውቃለን? (የእድር ዳኛ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አባታችን፣ ምሰሶው ሳይቆም ጠይቁ፤ ከተተከለ በኋላ ቢጠየቅ የቀድሞውን ማንም በትክክል አያስታውስም። መብራት የማይገባበት ተመሳሳይ መንገድ ምረጡና እዚያም ጠይቁ። ሁለተኛውን ዙር በዓመቱ በዚያው ወር አድርጉት፤ በረመዳን ሌሊቱ ሁሉ ሰው ስለሚወጣ ፍርሃቱ ያለ መብራትም ይቀንሳል። ከባድ ጥቃት በደረሰ ሳምንት አትጀምሩ፤ ያን ጊዜ የናረው ፍርሃት በራሱ ሲወርድ ምስጋናውን መብራቱ ይወስደዋል።

የስርቆትና የፍርሃት ውጤት ለየብቻ ይጻፍ። ኒውአርክ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 እና 1979 የእግር ፖሊስ ተመድቦ ሲታይ ወንጀሉ አልቀነሰም፤ ነዋሪው ግን ፍርሃቱ ቀነሰ።

ከመትከላችሁ በፊት ሁለት ሴቶችና አንድ ወጣት ይዛችሁ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መንገዱን በእግር ሂዱበት። የቆሙበትን፣ የፈጠኑበትን፣ የተሻገሩበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈራው መንገዱ ሁሉ ሳይሆን አንድ የአጥር ጥግ ወይም የፈረሰ ቤት ነው። በጣም ደማቅ መብራት ዓይን አጥበርብሮ በምሰሶዎች መካከል ያለውን ጨለማ ያባብሰዋል፤ ከአንድ ኃይለኛ አምፖል ይልቅ የተቀራረቡ ለስላሳ መብራቶች ይሻላሉ። ከመዋጮው ላይ የተቃጠለ አምፖል መቀየሪያ ከአሁኑ አስቀሩ።