ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ውስጥ በዩኒቨርሲቲና በድርጅት መካከል የሚደረጉ የምርምር ውሎችን ሳረቅ ዓመታት አልፈውኛል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቡናዬም ፈልቷል። የላካችሁልኝን ጥያቄ እስኪመሽ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (መምህር)፦ አምና ጣና ዳር ካለ ሆቴል ውስጥ ከአንድ ድርጅት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረምን። ካሜራ ነበር፣ ኬክም ተቆረሰ። እስካሁን አንድ ብር አልመጣም። መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ የመግባቢያ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌ መላክ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም። ግን ርዕሱ አያታልልህ፤ ውስጡን እይ። ማን፣ ምን፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ የሚል ግዴታ በግልጽ ካለበት፣ «መግባቢያ» ስለተባለ ብቻ ውል ከመሆን አይድንም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። «አብረን ለመሥራት ያለንን ፍላጎት ገልጸናል» ብቻ ከሆነ ግን፣ ፍላጎት አይከሰስም።

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ)፦ መመረቂያዬን የምሠራው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ነው። «ሳንፈቅድ ምንም አታትሚ» የሚል ወረቀት አመጡልኝ። ልፈርም?

መልስ፦ እንዳለ አትፈርሚ። «ሳንፈቅድ» የሚለውን «ካየነው በኋላ» በሚል አስቀይሪ። ረቂቁን ትልኪላቸዋለሽ፣ 30 ወይም 60 ቀን ያዩታል፣ ምስጢር ነው የሚሉትን ቁጥር ያስወጣሉ። ቀኑ ካለፈ ዝምታቸው እንደ ፈቃድ ይቆጠር። ይቺን የመጨረሻዋን ሐረግ ከረሳሽ ጽሑፍሽ የሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል። ዲፌንስ የማድረግ፣ ማለትም ሥራሽን ፈታኞች ፊት ቀርበሽ የማስረዳት መብትሽም ለብቻው ይጻፍ። ከፈሩ ፈታኞቹ ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርሙላቸው።

በነገራችን ላይ ፋብሪካው በባዶ ሜዳ አይፈራም። ፈጠራ የፓተንት (በፈጠራው በብቸኝነት የመጠቀም መብት) ማመልከቻ ሳይገባለት አደባባይ ከወጣ አዲስነቱን ሊያጣ ይችላል። የእኛ የፈጠራ አዋጅ 123/1987 ፈጣሪው ራሱ ለገለጸው የ12 ወር ጊዜ ይሰጣል። አውሮፓ ግን ራሱ ላወራ ሰው እንዲህ አይታገስም።

ጥያቄ (የዓሣ መኖ አምራች)፦ ገንዘቡን ያወጣሁት እኔ። ውጤቱ የእኔ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሊሆን ይችላል። በዚያው አዋጅ መሠረት በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ፈጠራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ይመጣል። መምህሩን የቀጠረው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ሥራውን ያዘዙት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ሁለታችሁም «የእኔ» ትላላችሁ። ስለዚህ ለሕጉ አይተዉት፣ ይጻፉት። የእርስዎ የቆየ ቀመርና የመምህሩ የቆየ ዘዴ በየባለቤቱ ይቅር፤ አዲስ የሚወለደው ለብቻው ይወሰን። እውነቱን ልንገርዎ፣ ብዙ ጊዜ ለእርስዎ ባለቤትነቱ አያስፈልግዎትም። በመኖ ሥራ ላይ ከእርስዎ ሌላ ማንም እንዳይጠቀምበት የሚያደርግ ፈቃድ ይበቃዎታል፤ በዋጋም ይረክሳል።

ግሱንም ይጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ አንድ የስታንፎርድ ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲው «መብቴን ለማስተላለፍ እስማማለሁ» ብሎ ፈረመ። ኋላ ለሥራ በሄደበት ኩባንያ ደግሞ «በዚህ አስተላልፌያለሁ» የሚል ወረቀት ፈረመ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታንፎርድ ተረታ። በአማርኛም «አስተላልፋለሁ» እና «አስተላልፌያለሁ» አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የትምህርት ክፍል ኃላፊ መፈረም ይችላል?

መልስ፦ በጽሑፍ ካልተወከለ አይፈርም። ሕጋዊ ሰውነት ያለው ዩኒቨርሲቲው ነው። ማኅተም አለው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ እዚህ አገር ማኅተም የሌለው ማን አለ?

ጥያቄ (ተመራማሪ)፦ አንድ የውጭ ኩባንያ ከጣና ዳር ያገኘነውን ባክቴሪያ በፖስታ እንድንልክለት ጠየቀን። ለእኛ ነፃ ሥልጠና ይሰጠናል።

መልስ፦ ኧረ አትላኩ! የጄኔቲክ ሀብት፣ ማለትም እንዲህ ያለ የአገር ሕያው ሀብት፣ እንዴት እንደሚወሰድ የሚደነግግ አዋጅ 482/1998 አለ። መጀመሪያ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ፣ ከዚያ የጥቅም መጋራት ስምምነት፣ ፖስታ ቤት በመጨረሻ።

የጤፍን ነገር አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅም ለመጋራት ተፈራረመች። ወረቀቱ ሲታይ ያማረ ነበር። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ የጤፍ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቆየ። የፈረመው ሞተ፣ ንብረቱ ጎረቤት ገባ እንደማለት ነው። ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው፤ እሱንም በሁለት ኩባንያዎች ጠብ። ስለዚህ ውላችሁ ላይ «ተዋዋዩ ቢከስር ወይም መብቱን ቢሸጥ፣ ግዴታው ከመብቱ ጋር አብሮ ይሄዳል» የሚል አንቀጽ አስገቡ።

ጥያቄ፦ አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያዩስ?

መልስ፦ የትኛው እንደሚጸና እዚያው ጻፉት። አንድ መስመር ነው።

ጥያቄ (የመጀመሪያው መምህር)፦ የሆቴሉ ሰውዬ ነኝ። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰነዱን አትቅደደው። ሁለት ገጽ አባሪ አዘጋጅ፦ የመጀመሪያው ስድስት ወር ሥራ፣ የገንዘቡ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ከሁለቱም ወገን የሚጠየቅ አንድ አንድ ሰው። ሥልጣን ያለው ሰው ይፈርምበት፣ ሁለት ምስክርም ይኑረው። ከዚያ ላክላቸው። ወይ ይፈርማሉ፣ ወይ ስልክህን ማንሳት ያቆማሉ። ካቆሙ ሌላ ድርጅት ፈልግ፤ ኬኩ እንደሆነ ተበልቷል።