ብረቱ ለምን ሸክላ መሰለ?

ጥያቄ፦ የምሥለው በእርሳስ ነው። ሰሞኑን የሚያብረቀርቅ የብረት ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እየሣልኩ ነው። ቅርጹ ልክ መጥቷል። ጥላውንም በጣቴ አሽቼ አለስልሼዋለሁ። ግን ግራጫ ሸክላ ሆኖ ቀረ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጣትዎን ከወረቀቱ ያንሡ። ሸክላ ላይ ብርሃኑ ወደ ጥላ የሚያልፈው ቀስ እያለ ነው። የተወለወለ ብረት ግን መስታወት ነው፤ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ስለዚህ ድቅድቅ ጥቁርና ንጹሕ ነጭ ድንገት ይገናኛሉ። ብረት የሚያስመስለው ያ ስል ጠርዝ ነው። ሲያሹት ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ዓይንዎን ጨፈን አድርገው እንደገና ይዩት። ማንቆርቆሪያ መሆኑን ይርሱት፤ የጥቁርና የነጭ ቅርጾችን ብቻ ይፈልጉ። ረጅሙ ነጭ ሰንበር ምናልባት መስኮቱ ነው። ሆዱ ክብ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ አጥብቦ ይይዛል፤ ቀጥ ያለው የመስኮት ጠርዝም እዚያ ላይ ይጎብጣል። እንደጎበጠ ይሣሉት። ቀጥ ካደረጉት ሆዱ ጠፍጣፋ ይሆንብዎታል። መሃል ላይ እርስዎም ትንሽ ሆነው ይታዩ ይሆናል። እባክዎ አይዝለሉት፣ እኔ በጣም የምወደው ቦታ እሱ ነው።

ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ከመጀመሪያው በስሱ ከልለው ይተዉት፤ በላጲስ የተመለሰ ነጭ እንደዚያ አይጠራም። ጥቁሩን ደግሞ ቶሎ ያስገቡ። ብዙ ሰው ጥቁር ይፈራል፣ መካከለኛ በሆነው በኤችቢ እርሳስ ብቻ ይጨርሳል። ነጩ የሚያበራው ግን አጠገቡ ባለው ጥቁር ነው። ለጥቁሩ ለስላሳዎቹን 4ቢ ወይም 6ቢ እርሳሶች ይጠቀሙ፤ ለስሱ ግራጫ ጠንካራው 2ኤች ይበቃል። ጥቁሩን በአንዴ ተጭነው ሳይሆን በስሱ እየደራረቡ ያምጡት። ሲጫኑት እርሳሱ ራሱ ያብለጨልጭና ከጎን ሲታይ ግራጫ ይመስላል።

አንድ መብራት ብቻ ይጠቀሙ። ወንበርዎንም አያንቀሳቅሱ። ራስዎ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ነጸብራቁም ቦታ ይለውጣል። እኔ የወንበሩን እግሮች ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደርጋለሁ፤ ስሥልም አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ማንቆርቆሪያው ያረጀና የደበዘዘ ከሆነ ግን ጠርዞቹ በእርግጥም ይለሰልሳሉ። እንዲያ ከሆነ ማለስለስ ይችላሉ፤ በጣት ሳይሆን በእርሳሱ ጫፍ።