ለማርገዝ ሲታሰብ የጭንቀት መድኃኒትን ስለ ማቋረጥ

ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም እየወሰዱ በሦስት ወር ውስጥ ለማርገዝ ስላሰቡ ከዛሬ ጀምሮ ላቁመው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቁሙት። ሰርትራሊን በእርግዝና ወቅት በስፋት ከተጠኑትና ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከሚመርጧቸው መድኃኒቶች አንዱ በመሆኑ፣ መድኃኒቱ የሚያሰጋው ነገር ሕመሙ ሳይታከም ቢቀር ከሚያስከትለው የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መጥፋት እንዲሁም ከወሊድ በኋላ ድብርት ጋር አብሮ መመዘን አለበት።

1. አሁኑኑ የአእምሮ ሐኪምዎንና የማህፀን ሐኪም ያማክሩ። ለእንቅልፍ ብለው አልፎ አልፎ የሚውጡት ዲያዜፓም እንኳ ቢኖር ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። ከሚወስዱት መካከል ቫልፕሮት (ለሚጥል በሽታና ለከባድ የስሜት መዋዠቅ የሚሰጥ መድኃኒት) ካለ ግን ጉዳዩ የተለየ ነው፤ የጽንሱን አከርካሪና አንጎል ሊጎዳ ስለሚችል ከእርግዝና በፊት በሐኪም መቀየር ይኖርበታል። ከሰርትራሊን ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ፓሮክሴቲንም ብዙ ጊዜ በሌላ ይተካል።

2. ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን 400 ማይክሮግራም በየቀኑ ይጀምሩ፤ አንጎልና የአከርካሪ ገመድ የሚሠሩበት የጽንሱ የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን አካባቢ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ከማወቋ በፊት ነው።

እኔ ከሁለተኛ ልጄ በፊት ሰርትራሊንን ለማንም ሳልናገር አቁሜው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴን ኤሌክትሪክ የነዘረኝ ያህል ይሰማኝ ጀመር፤ ወር ሳይሞላ ጭንቀቱ ተመልሶ፣ በሩ መቆለፉን ለማረጋገጥ ሌሊት አራት ጊዜ እነሣ ነበር። መቀነስ ካስፈለገ ሐኪሙ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንስልዎታል። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም መድኃኒቱን ጎን ለጎን መውሰድዎን ይቀጥሉ።