ሕጉ እስኪጸድቅ አትጠብቂ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። 27 ዓመትሽ ነው፤ የምትኖሪው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ከአራት ዓመት በፊት በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተሽ ነበር። አሁን መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ትሠሪያለሽ። ፒር ሪከቨሪ ስፔሻሊስት ልሁን ብለሻል፤ ያመመውን ሰው፣ ሕመሙን ያየ ሰው የሚያግዝበት ሥራ። ለኮንግረስ የቀረበው ረቂቅ ሕግ እስኪያልፍ ልጠብቅ ወይ? ብለሽ ጠይቀሻል። እናትሽ ደግሞ «ገመናሽን አደባባይ አታውጪ፣ ማን ያገባሻል? ነርሲንግ ግቢ» ይላሉ።

የሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። ረቂቁ ሙያው በፌዴራል የሥራ መደቦች ዝርዝር ውስጥ የራሱ መለያ እንዲኖረው ይጠይቃል። ይጽደቅ፣ ጥሩ ነው። ግን የጆርጂያ ግዛት ለዚህ ሥራ በሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) መክፈል የጀመረችው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቨርጂኒያም የ72 ሰዓት ሥልጠና አላት። ሰርተፍኬቱን ለማግኘት 500 ሰዓት በኃላፊ ሥር መሥራትና ፈተና ማለፍ ይጠበቅብሻል። ምን ትጠብቂያለሽ?

ደመወዙ ከነርስ በብዙ ያንሳል። አሁን ያለሽን ሥራ ቶሎ አትልቀቂ።

በእናትሽ ሐሳብ ግን አልስማማም። እኔ ወደ አሁኑ ሥራዬ ከመምጣቴ በፊት ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ አዛውንት ነበሩ። ሐኪሙ «ድብርት ይሰማዎታል?» ሲላቸው «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ እኔም ቃል በቃል እተረጉማለሁ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረጉና «አንተስ ልጄ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎህ ያውቃል?» አሉኝ። «አያውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ። በቀጠሯቸው ቀን አልመጡም።

አንቺ ብትሆኚ መልስ ነበረሽ።

ደግሞ ታሪክን ማካፈል ሁሉን መዘርገፍ አይደለም። የቱን፣ ለማን፣ መቼ እንደምትናገሪ መምረጥ የሙያው ግማሽ ነው። ሐበሻ የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የምታውቂያት ሴትዮ ፊትሽ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ምን እንደምትዪ ካሁኑ አስቢበት።

ትዳሩንስ? ሕመምሽን ደብቀሽ ያገኘሽው ባል ቤት መድኃኒትሽንም ተደብቀሽ ልትውጪ ነው። ነርሲንግ የሚለውን ቃል ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ያገኘሁት እናትሽ አፍ ላይ ብቻ ነው።

ብቻ 500 ሰዓቱን የት እንደምትሠሪ ሳታረጋግጪ እንዳትመዘገቢ። ብዙ ሰው ሥልጠናውን ጨርሶ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው።