ቦዲ ካሜራ ለፖሊስ ሲገዛ፦ ስለ መስፈርቱና ስለ ቪዲዮው ማስቀመጫ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ እስከ ቆቦ። ፖሊስ ደረቱ ላይ የሚያደርገውን ካሜራ በምን መስፈርት እንግዛ፣ ቪዲዮውንስ የት እናስቀምጥ ለምትሉ ዛሬ ጥያቄው ክፍት ነው። ስሌቱ አንድ እንዲሆንልን አንድ የከተማ ፖሊስ 40 ካሜራ ይገዛል እንበል። 30ው በየቀኑ ይሰማራል፣ 10ሩ መጠባበቂያ ነው፣ እያንዳንዱ በቀን 3 ሰዓት ያህል ይቀርጻል።

የጨረታ ሰነዱን ከምን እንጀምር? ከሻጭ የመጣ ካታሎግ አለን፣ እሱን ገልብጠን ብናወጣስ? (የግዥ ባለሙያ፣ ወልድያ)

ካታሎግ መገልበጥ የአንዱን ሻጭ ዕቃ ስሙን ሳትጠሩ መምረጥ ነው። ሌላው ተጫራች ቅሬታ ያቀርብበታል፣ እውነትም አለው። ከመጨረሻው ጀምሩ፤ ዐቃቤ ሕጉ ችሎት ፊት ምን ያስፈልገዋል? ያልተነካ ፋይል፣ ትክክለኛ ሰዓት፣ ማን እንዳየውና ማን እንደገለበጠው የሚናገር መዝገብ። ከዚያ ቪዲዮው ወደሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ ኑ፣ ካሜራው መጨረሻ ይምጣ።

ሌላው፣ በርክክብ ቀን ልትፈትኑት የማትችሉትን አትጻፉ። «ጥራት ያለው ባትሪ» አይፈተንም። «ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ካሜራ በ1080ፒ የምስል ጥራት፣ ጂፒኤስ በርቶ፣ ሳያቋርጥ 8 ሰዓት ይቀርጻል» ግን ይፈተናል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ታስነሱታላችሁ፣ 10 ሰዓት ላይ ታዩታላችሁ። ብሮሹር ላይ የሚጻፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ ጥራቱ ዝቅ ብሎ፣ ጂፒኤሱና ዋይፋዩ ጠፍቶ የተለካ ነው። የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ የሚቆረጠው ይህ ፈተና ካለፈ በኋላ ይሁን።

40 ካሜራ ስንት ቴራባይት ይበላል? (የአይቲ ባለሙያ፣ ደሴ)

የካሜራው ቁጥር ብቻውን አይመልሰውም፣ ወሳኙ ቢትሬቱ ነው፤ ማለትም ቪዲዮው በየሰከንዱ የሚወስደው የዳታ መጠን። 1080ፒ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከተቀረጸ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይወጣዋል። 30 ካሜራ በ3 ሰዓት 90 ሰዓት ነው፤ በቀን 162 ጊጋባይት። ተራውን ቪዲዮ 90 ቀን ብታቆዩ 14.6 ቴራባይት። ከአሥር አንዱ ማስረጃ ሆኖ ከመዝገቡ ጋር ይቆያል ካልን፣ እሱ ብቻ በየዓመቱ 5.9 ቴራባይት ይጨምራል። በሦስት ዓመት፣ በ90 ቀኑ ውስጥ ያለው ማስረጃ ሁለቴ ሳይቆጠር፣ ሁሉም ተደምሮ ወደ 31 ይደርሳል።

ስለዚህ 8 ዲስክ የሚይዝ ማስቀመጫ፣ እያንዳንዱ 8 ቴራባይት፣ በሬይድ 6፤ ይህ ሁለት ዲስክ ቢበላሽ እንኳ ፋይሉ እንዳይጠፋ ዲስኮቹን የሚያጣምር አሠራር ነው። ሁለት ዲስክ ለጥበቃ ይሄዳል፣ 48 ይቀራል፤ ከዚያም አምስተኛውን እጅ ባዶ ተዉት። ሁለት ተጨማሪ ዲስክ መጋዘን ይቀመጥ፣ አንዱ ሲበላሽ ጨረታ እስኪወጣ አይጠበቅም። ሬይድ ባክአፕ አይደለም፤ የማስረጃው ቅጂ ሌላ ሕንፃ ውስጥ መኖር አለበት።

ካሜራው ከፋብሪካ በ8 ሜጋቢት ተስተካክሎ ከመጣ ግን ይህ ሁሉ በእጥፍ ያድጋል። ቢትሬቱን ሰነዱ ላይ በቁጥር ጻፉት።

በኢንተርኔት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ፣ ክላውድ ላይ ብናደርገውስ?

የአንድ ቀኑን 162 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት መስመር ለመጫን 36 ሰዓት ይፈጃል። ቀኑ ደግሞ 24 ሰዓት ብቻ ነው።

ካሜራዎቹ ዶክ ላይ ሲሰኩ በጣም ይዘገያሉ ይባላል። ከዶኩ ነው? (ሳጅን፣ ሐይቅ)

ብዙ ጊዜ ዶኩ ንጹሕ ነው። ካሜራው ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረግበትና ቪዲዮው የሚገለበጥበት ይህ ዕቃ ዩኤስቢ 2.0 ቢሆን እንኳ የአንዱን ካሜራ የቀን ቪዲዮ፣ 5.4 ጊጋባይቱን፣ በአራት ደቂቃ አካባቢ ያወርደዋል። ጥፋቱ ከኋላ ያለው፣ ዶኩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ርካሽ ስዊች ነው። 100 ሜጋቢት ከሆነ የሁሉም ካሜራ ቪዲዮ ሰርቨር እስኪገባ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ተረኛው አይጠብቅም፣ ካሜራውን ነቅሎ ይወጣል፣ የትናንቱ ቪዲዮ ውስጡ እንዳለ ነው። አንዳንዱ ካሜራ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል። መስፈርቱ፦ ጊጋቢት ስዊች፣ ካት 6 ኬብል፣ ዶኩ ገልብጦ ሳይጨርስ ቀይ መብራት የሚያሳይ፣ ያልተገለበጠ ፋይል የማይሰረዝ።

መብራት ሲጠፋስ?

አብሽር፣ መላ አለው። ዩፒኤስ የሚባለው መጠባበቂያ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያሠራ አይገዛም፤ ሥራው ሰርቨሩ በሥርዓት እስኪዘጋ መያዝ ነው። ከሰርቨሩ ጋር በዩኤስቢ ኬብል መገናኘት አለበት፣ ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩ ራሱ እንዲዘጋ። ይህችን ኬብል ከሳጥኑ የማያወጣት ብዙ ነው። ለዚህ ጭነት 1,500 ቪኤ ይበቃል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ያለው የኃይል መዋዠቅ ከመጥፋቱ የባሰ ነውና ስታቢላይዘር ከፊቱ ይኑር።

ካሜራው የሚጽፈው ሰዓትና የእኛ የተረኛ መዝገብ አይገጥምም። የትኛውን እንከተል? (መርማሪ፣ ኮምቦልቻ)

በጣም ጥሩ ጥያቄ፤ የውጭ መስፈርት ላይ አታገኙትም። ካሜራው 20:15 ሲል መዝገቡ ከምሽቱ 2:15 ይላል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ካሜራው ቀን ይለውጣል፣ ተረኛው ግን ገና በትናንቱ ቀን ነው የሚጽፈው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ማታ የገባው ተረኛ ከሌሊቱ 6:40 ላይ የሆነውን «ጥቅምት 5» ብሎ ይመዘግባል፤ ካሜራው ላይ ግን ኦክቶበር 16፣ 00:40 ነው፣ ማለትም ጥቅምት 6። ጠበቃው ይህን ካገኘ ቪዲዮው የሌላ ቀን ነው ብሎ ይሟገታል።

መፍትሔው፦ ካሜራው ሁልጊዜ ባለ 24 ሰዓቱን ይጻፍ፣ ማንም አይነካካው። መዝገቡ ላይ «ለ6 አጥቢያ» ተብሎ ይጻፍ፣ ከጎኑ የካሜራው ሰዓት አምድ ይጨመር። ሰዓቱን ዶኩ ራሱ ከሰርቨሩ ያስተካክል። ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን የሚመለስ ካሜራ አለና ናሙናውን ባዶ አድርጋችሁ ለ48 ሰዓት አስቀምጡና እዩት።

ቪዲዮው እንዳልተነካ በምን እናረጋግጣለን? (ጠበቃ)

ፋይሉ ሰርቨር ሲገባ ሻ-256 የተባለው አሻራ፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ የፊደልና የቁጥር ኮድ፣ ይሰላለት። ከፋይሉ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ለዐቃቤ ሕግ ሲሰጥ በርክክብ ወረቀቱ ላይ ይታተም። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ሌላ ነው። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ተልኮ የመጣ ፋይል ተጨምቋልና አሻራው አይገጥምም፤ ሰው ሆን ብሎ ባይነካውም። ዋናው ፋይል ማንኛውም ኮምፒውተር የሚያጫውተው የቪዲዮ ዓይነት፣ ኤምፒ4 በኤች.264 ይሁን፤ የሻጩን ፕሮግራም ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ፈቃዱ ሲያበቃ ማስረጃችሁ ይቆለፋል። የካሜራው የፋብሪካ የይለፍ ቃል ስድስት ዜሮ የሆነባቸውም ብዙ ናቸውና በርክክብ ቀን ይቀየር። ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ስላለው ለእሱ ወገን የሚሰጠው ቅጂም በዚሁ ሥርዓት ይውጣ።

ሰው ቤት ሲገባ፣ እናቶች ባሉበት፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይስ? ስንት ቀንስ ይቀመጥ? (እህታችሁ፣ ደሴ)

እህቴ፣ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። መመሪያው መቼ እንደሚበራ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ለባለቤቱ ምን ተብሎ እንደሚነገር በግልጽ ይጻፍ። የጥቃት ተጎጂና ሕፃን የሚታይበት ፋይል ለይቶ ምልክት ይደረግበት፣ ከመርማሪውና ከዐቃቤ ሕጉ በቀር አይከፈት። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ቪዲዮውን የመክፈት ፈቃድ አይኑረው። ፖሊሱ ካሜራው ላይ መሰረዝ አይችልም፤ የሚሰረዘው ቀኑ ሲደርስ በሲስተሙ ነው። ጊዜውን በወር ሳይሆን በቀን ቁጠሩት፤ «ሦስት ወር» ካላችሁ ጳጉሜን የት ልትከቷት ነው?

ባቲ ያቃጥላል፣ ደሴ ይበርዳል። አንድ ካሜራ ለሁለቱም ይሆናል?

ይሆናል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እስከ 50 ዲግሪ የሚሠራ ብላችሁ ጻፉ። ቻርጅ ግን ሌላ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታችና ከ45 በላይ ቻርጅ አይደረግም። ባቲ ላይ ዶኩን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። ለዝናቡ አይፒ67 የሚባለው የውኃ መከላከያ ደረጃ፣ ማለትም አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚቆይ፤ በርሜል ሞልታችሁ ናሙናውን አስገቡት። የመሰኪያው ላስቲክ ክዳን ካልተዘጋ ግን ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ማንም የማይጽፈውን ልጨምር፦ ሐምሌ ላይ ደሴ ያለ ፖሊስ የዝናብ ልብስ ይደርባል፣ ካሜራው ከሥር ይቀራል፣ ሰዓቱን ሙሉ ጨለማና የጨርቅ ኮሽታ ይቀርጻል። ማያያዣው ከላይኛው ልብስ ላይ በአንድ እጅ የሚዛወር ይሁን።

ዋስትናስ? (ተጫራች)

ለካሜራው 3 ዓመት፣ ባትሪው በተለይ ተጠቅሶ። የሊቲየም ባትሪ የማጓጓዣ ፈተና የሆነውን የዩኤን 38.3 ሰነድ አዘጋጁ፣ በአየር ሲጫን ይጠየቃል።

የሌሊት ቀረጻ ላይ የተጠርጣሪው ጃኬት ነጭ ነው፣ ምስክሮቹ ጥቁር ነው ይላሉ። የትኛው ይታመን?

ምስክሮቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲቀረጽ ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ፈዝዞ ነጣ ብሎ ይታያል። ኢንፍራሬድ በርቶ እንደነበር ፋይሉ ውስጥ የሚመዘግብ ካሜራ ጠይቁ፣ መርማሪውም ከሌሊት ቪዲዮ ላይ የልብስ ቀለም አይጻፍ።