የሐጂ ድንጋይ

ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ጠረጴዛ ላይ የቆመ፣ ሁለት ጀበና ተደራርቦ የሚያህል ክሪስታል። ከሥሩ አንድ መስመር፦ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ያወጣል? የአያቴ ነው።» ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። የዛሬ ልጆች ዋጋው ይቅደም ባዮች ናችሁ። ልቆጣሽ ስልኬን አነሳሁና ተውኩት። እኔስ በዕድሜሽ ምን አደረግኩ?

ከ27 ዓመት በፊት ነው። ጂኦሎጂ ተመርቄ፣ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ ለእረፍት ጅማ ገባሁ። ሠፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። «የድንጋይ ሐኪም መጣ» ብለው አስጠሩኝ። መስኮቱ ሥር፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ፣ በነጭ ሻሽ የተሸፈነ ነገር አለ። ሻሹን በሁለት እጃቸው ገለጡት።

ሥሩ ግራጫ ነው። ከላዩ ባለ ስድስት ጎን ክሪስታሎች እንደ ጦር ቆመዋል። መሀል ላይ ያለው ከሁሉም ይረዝማል፤ ውስጡ ስስ ጭስ የመሰለ ነገር አለ። ጠዋት ስለነበር ብርሃኑ አልፎት ግድግዳው ላይ ያርፋል።

እኔ ደግሞ አዋቂነቴን ማሳየት አለብኝ። «ተራ ኳርትዝ ነው ሐጂ፣ ምድር ሙሉ ነው» አልኩ። ፈትሽልኝ ሳይሉኝ ሰንጢ አወጣሁ። የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ይለካል፤ የኳርትዝ 7 ነው፣ የሰንጢ ብረት 5 ተኩል ገደማ፤ ስለዚህ አይጫርም። ይህንን ላሳያቸው ረጅሙን ክሪስታል ጫፉ ላይ ጫን አደረግኩት። እውነትም አልተጫረም። ግን ጠንካራ ነገር አይሰበርም ማለት አይደለም። «ጠቅ» አለና የቡና ፍሬ የምታህል ስባሪ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

ሐጂ አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው አነሷት፣ መዳፋቸው ላይ አዩዋት፣ «ይሁን» አሉ። ከዚያ ቶናውን ቀዱልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስሸኝ ስባሪዋን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ጫፎቹን ነው። መፈተን ካለበት ሥሩ ላይ፣ ማንም በማያየው በኩል ነው የሚፈተነው።

ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኳቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ልጃቸው ሊሸጠው ሲነሳ አንድ የማዕድን ሰብሳቢ «የየት ነው?» አለው። ማን ይመልስ? ጅማ አድጌ፣ «የጎማ ወረዳ ነው የሊሙ?» ሳይባል ቡና እንደማይሸጥ እያወቅኩ፣ ድንጋዩን ግን እንደ ወላጅ አልባ ተውኩት። በመጨረሻ የእንግዳ መቀበያ ጌጥ ሆኖ በርካሽ ሄደ።

ወደ ፎቶሽ ልመለስ። ውስጡ ክብ አረፋ ካየሽ መስታወት መሆኑን ጠርጥሪ። ሎሚ ሲነካው አረፋ ከደፈቀ ኳርትዝ ሳይሆን ካልሳይት የሚባል ለስላሳ ማዕድን ነው፤ ይህንንም ከሥሩ ብቻ፣ በአንዲት ጠብታ። ተሰብሮ የተጣበቀ እንደሆነ ሙጫው ብዙ ጊዜ በአልትራቫዮሌት መብራት ያበራል። ሐምራዊውን ኳርትዝ፣ አሜቲስት የሚባለውን፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጪው፣ ይደበዝዛል። ትልቅ ስለሆነም አትጓጊ፤ ከብራዚልና ከኡራጓይ የሚመጡት ትልልቅ አሜቲስቶች ብዙዎቹ በኪሎ ነው የሚሸጡት። ቢጫ ሆኖ «ሲትሪን ነው»፣ ማለትም ቢጫ ኳርትዝ ነው፣ ካሉሽ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእሳት የተጠበሰ አሜቲስት ነው። እንደ ቡና ይቆላል ስልሽ የምቀልድ እንዳይመስልሽ።

አትንኪው ልልሽ ነበር። ግን ካላነሳሽውም አታውቂውም። በፎቶ ዋጋ ንገረኝ ማለት ቡና በስልክ ልቅመስ እንደማለት ነው፤ ክብደቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ ጀርባውን በየት በኩል አየዋለሁ?

ስባሪዋ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለች።

አያትሽ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ደውዪላቸው። ከየት እንዳመጡት፣ ማን እንደሰጣቸው ጠይቂና በእጅሽ ጻፊው። ሰላምታዬንም አድርሺልኝ፤ እሱን እንኳ አትርሺ።